ሁለተኛው ፍሬን

በዚያ ሰፈር መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ የጋሽ ፍሬንን ቁጣ ቀምሷል። ሰውየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ትንሿ ሰማያዊ መኪናው ከሹፌሩ ፍሬን ሌላ፣ በጋቢናው በኩል በአስተማሪው እግር ሥር አንድ ተጨማሪ ፍሬን አላት። ተማሪው ሲደነብር አስተማሪው ይረግጣል፤ መኪናዋ ቀጥ ትላለች። የዕድሜውን ግማሽ እንዲህ ሲረግጥ ስለኖረ ሰፈርተኛው ጋሽ ፍሬን አለው፤ ዋናው ስሙ ተረሳ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቀጭን ናት፤ አነጋገሯም ይወጋል። ስለዚህ እሷን እትዬ መርፌ ይሏታል። ሁለቱም አንቱ የሚባሉበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። እኔ ግን ሳወራላችሁ አንተና አንቺ እላቸዋለሁ፤ ለአንቱታ የሚሆን ነገር ሲሠሩ ብደርስባቸው ኖሮ አልነፍጋቸውም ነበር።

ጋሽ ፍሬን ያላስተማረው ሰው የለም። ፋርማሲስቱን አስተምሯል፤ የጥርስ ሐኪሟን አስተምሯል። ቀኝና ግራውን የማይለየውን የሰፈሩን ዘበኛ ሳይቀር አስተምሮ መንጃ ፈቃድ አስይዟል። የቀረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ከጎኑ የምትተኛው። ሲጠየቅ «ሚስቱን መንዳት ሲያስተምር ያየሁትን ባል ሁሉ ኋላ ፍርድ ቤት ነው ያገኘሁት» ይላል። አንድ ሰሞን መኪናዋ በተማሪ ተይዛለች አለ። አንድ ሰሞን መርፌ እርጉዝ ስለነበረች «እስቲ ትንሽ ጠንከር በዪ» አላት። ልጁ ተወልዶ፣ ጢም አብቅሎ፣ የራሱን ጋራዥ ከከፈተ በኋላም ጋሽ ፍሬን ያችኑ «ትንሽ ጠንከር በዪ» ሲላት ይሰማ ነበር።

መርፌ መንዳት ያማራት ለጌጥ አይደለም። ታላቅ እህቷ ከከተማው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ትኖራለች። መርፌን ጉልበቷን ካመማት ወዲህ የአውቶቡሱ ደረጃ አልወጣላት ስላለ የሚያደርሳት ባሏ ነው። ማድረሱንስ ያደርሳል፤ ችግሩ መቀመጡ ላይ ነው። እህትማማቾቹ ሻያቸውን ፉት ሳይሉ፣ የጀመሩትን ወሬ ሳያጋምሱ፣ እሱ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ሆኖ እጁን ኪሱ ይከትና ቁልፉን ማቃጨል ይጀምራል። አይናገርም፤ ያቃጭላል። እህቷም «በይ ተነሺ፤ ሰውዬሽ ደወለ» ትላታለች። መርፌ አጥብቃ የጓጓችለት ነገር ምንድን ነው ቢባል ይኸው ነው፦ በራሷ እጅ ነድታ እህቷ ቤት መሄድ፣ እስኪበቃት መቀመጥ፣ ሲበቃት መነሣት።

የመንገድ ሕጉንማ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ጋሽ ፍሬን ተማሪዎቹን ሰብስቦ ሕግ የሚያስተምረው በረንዳው ላይ ነበር፤ የስፌት ክፍሏ መስኮት ደግሞ የሚከፈተው ወደ በረንዳው ነው። እጅጌ ስትገጥም፣ ዘርፍ ስታጥፍ፣ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥና የትኛው መስመር እንደማይታለፍ ስትሰማ ኖራለች። ባለፈው ዓመት ማንንም ሳታማክር ሄዳ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈተነች፤ አለፈች። የለማጅ ፈቃዷን ይዛ መጥታ ከባሏ የሻይ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችለት። ጋሽ ፍሬን ፈቃዱን አየው፣ ገለበጠው፣ ፎቶዋንም በደንብ አየ። «መልካም ነው፤ ዝናቡ ያባራና» አለ።

ዝናቡ ሲያባራ ልጃቸው ምሳ ሊበላ መጣ። ልጁ ባትላሜራ ነው፤ የተጨረማመተ የመኪና በር በመዶሻ እየነካካ ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ እጁም የተመሰገነ ነው። የዚያን ዕለት ግን ሹካውን ሳያነሣ ወሬውን አስቀደመ።

«አባዬ፣ ስጦታ አለኝ። መኪናዋን ልወስዳት ነው። ብሎን በብሎን እፈታታለሁ። ሞተሯን አውርጄ፣ ዝገቷን አራግፌ፣ ቀለሟን ከባዶ ብረት ጀምሬ ቀብቼ፣ ልክ ከፋብሪካ እንደወጣችበት ቀን አድርጌ እመልስልሃለሁ። የአሮጌ መኪና ወዳጆች በየዓመቱ ኤግዚቢሽን አላቸው። አንተ ሱፍህን ለብሰህ አጠገቧ ትቆማለህ።»

ጋሽ ፍሬን የጎረሰውን መዋጥ ረሳ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መንገድ ላይ አቁሞ የሚያመሰግነው ሰው እየሳሳ ሄዶ ነበር። ሱፉን ለብሶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰው እየመጣ «ይቺ የርስዎ ናት?» ሲለው ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ታየው። ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለች መርፌ።

«ዓመት ይሆናል እማዬ። ዓመት ተኩልም ቢሆን አይገርመኝም፤ ዕቃዋ እንደ ልብ አይገኝም።»

«ከዚያ እንነዳታለን።»

ልጁ ሳቅ አለ። «እንደዚያ ሆና የተሠራች መኪና እኮ አትነዳም። ሸራ ለብሳ ትቀመጣለች፤ ሰው ሊያያት ሲመጣ ብቻ ትገለጣለች።»

«እኔስ ታዲያ መቼ ልነዳት ነው?»

አባትና ልጅ ተያዩና ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፤ ይህ ነው ይብስ ያናደዳት። መርፌ አልሳቀችም። ሰሃኖቹን ሰብስባ ወደ ኩሽና ሄደች፤ የሰሃኑ መንኳኳት ከወትሮው በረታ።

ልጁ ነገሩ ገባውና ተከትሏት ገባ። «እማዬ፣ አትቀየሚ። ወለሏን አይተሻል? ወንፊት ሆኗል። እንዲሁ ስትነዳ ብትከርም ዝገቱ ይጨርሳታል፤ ኋላ እናድሳት ብንል የሚታደስ ነገር አይተርፍም። ደግሞ ይቺ መኪና ማለት የአባዬ ሕይወት ናት።»

«እኔም እኮ በሕይወት አለሁ» አለች መርፌ፣ ብርጭቆውን እያለቀለቀች።

ልጁ የተናገረው ሐሰት እንዳልሆነ ታውቃለች። ከሚለበስ ልብስ ይልቅ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ዕድሜ አለው፤ ይህ ለልብስ ሰፊ አይነገርም። ግን እስከዛሬ ሳጥን ውስጥ ላስቀምጠው ብሎ ልብስ ያሰፋት ሰው አላጋጠማትም።

የሆነ ሆኖ ጋሽ ፍሬን ጨካኝ ሰው አይደለም። የሚስቱ ዝምታ ምሳውን አላስፈጭ አለውና ማታ ላይ አንድ ሐሳብ አመጣ። ልጁ ጋራዡ ውስጥ ቦታ እስኪለቀቅለት ድረስ መኪናዋ እዚሁ ናት፤ እስከዚያው ያስተምራታል። መርፌ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። እንዲያ ደስ ብሏት አያውቅም።

ደስታዋ ግን የቆየው መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ነው።

እግሯ አላሳፈራትም። የስፌት መኪናዋን ፔዳል ስትጫን የኖረች ሴት ናት፤ እግር ምን ያህል ቢጫን ምን ያህል እንደሚሄድ ያውቃል። ሌላውን ሁሉ ወር የሚፈጅበትን ፍሪሲዮን በጥቂት ቀን ለመደችው። ያልተለመደው የባሏ እግር ነው። ጠመዝማዛ ሲደርሱ ጋሽ ፍሬን ይረግጣል። አንዲት ባልቴት መንገድ ዳር ቆማ ቦርሳዋን ስትፈትሽ ካየ ይረግጣል። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እንኳ «ይቀላ ይሆናል» ብሎ ይረግጣል። መርፌ ልትይዝ ስታስብ መኪናዋ ቀድማ ቆማ ታገኛታለች። እኔ ነኝ ያቆምኳት ወይስ እሱ? ይህን ሳታውቅ ወጥታ ሳታውቅ ትመለሳለች።

አንድ ጠዋት አደባባዩ መሐል መኪናዋ ደርቃ ቀረች።

«ማነው የያዘው?» አለች መርፌ።

«እኔ እንጃ።»

«እግርህን አሳየኝ።»

«እግሬ እኮ የራሱ ልማድ አለው። እኔ አላዘዝኩትም።»

ከኋላቸው የክላክስ ጩኸት ቀለጠ። ፋርማሲስቱ ከመኪናው አንገቱን አስግጎ «ጋሽ ፍሬን፣ እግርዎን ያንሡ» አለ። ያችን ቃል ተማሪ ሳለ ስንት ጊዜ ሰምቷት እንደሆነ እንጃ፣ ሲላት ግን ዕዳ የከፈለ ሰው ነበር የሚመስለው።

ይህ ያስቃል፤ መርፌን ግን ቀስ በቀስ በላት። ሲመለሱ ሁልጊዜ ጋሽ ፍሬን «አየሽ፣ እዚያ ጋ እኔ ባልይዝ ኖሮ ገጭተን ነበር» ይላታል። አሥሬ ሲላት አመነችው። መሪውን ስትይዝ መዳፏ ማላብ ጀመረ። በስተመጨረሻ ቅስሟ ተሰበረና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ልጁ ይውሰዳት» አለች።

«አይዞሽ፤ ሁሉ ሰው ሹፌር አይሆንም» አለ ጋሽ ፍሬን ሊያጽናናት። መርፌን ቀኝና ግራውን የማይለየው ዘበኛ ትዝ አላት።

ጋራዡ ውስጥ ቦታ ተለቀቀ። መኪናዋ በምትሄድበት ቀን ዋዜማ፣ ጋሽ ፍሬን ፀጉሩን ሊስተካከል ወጥቶ ሳለ፣ ልጁ መፍቻዎቹን ይዞ መጣ። ጭንቅላቱን ጋቢናው ሥር ቀብሮ፣ እግሩን ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ ሲያጉረመርምና ሲፈታ ቆየና በአንድ እጁ አንድ ብረት ይዞ ወጣ። ጎማው ተበልቶ ያለቀ፣ በአባቱ ጫማ ልክ የተቦረቦረ ፔዳል ነው።

«ይቺ ከፋብሪካ አልመጣችም፤ አባዬ ነው ኋላ ያስገጠማት። ከሥራው ሁሉ የምትቀድመው ይቺን ማውጣት ናት» አለ። ፔዳሉን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አኖረው። የሹፌሩን ፍሬን ደጋግሞ ረግጦ ሞከረውና ደህና መሆኑን አረጋገጠ። የተፈታበትን ቦታ ደግሞ መርፌ ድሮ በሰፋችው ምንጣፍ ሸፈነው። «ለአባዬ ንገሪው እሺ?»

«እሺ» አለች መርፌ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቆመች። ነገሩን በሐሳቧ ገለበጠችው። ነገ ጋሽ ፍሬን ጋቢና ቢቀመጥ የሚረግጠው ምንጣፍ ነው። መኪናዋን የሚያቆም እግር አንድ ብቻ ይሆናል። ፈራች፤ መፍራቷን ለራሷ አልደበቀችም። ግን መንዳት መቻሏንና አለመቻሏን ሳታውቅ ከዚች መኪና ጋር መለያየት ከፍርሃቱ ይልቅ ከበዳት። ባሏ ፀጉሩን አሳምሮ ሲመጣ «አምሮብሃል» አለችው። ሌላ አልነገረችውም። ዋሸች አይባልም፤ ንገሪው ተባለች እንጂ መቼ እንደሆነ አልተባለችም።

በማግስቱ ጠዋት «እስከ ጋራዡ እኔ ልንዳት፤ መሰነባበቻ ትሁነኝ» አለች።

ጋሽ ፍሬን የጋቢናውን በር ከፈተ። «ንጂያት እንጂ፤ አለሁልሽ» አለና፣ ሰው ወደ አልጋው እንደሚገባ ሳያይ ገብቶ፣ እግሮቹን በለመዱት ቦታ አሳረፈ።

መርፌ ስፖኪዮውን አስተካከለች፣ ማርሽ አስገባች፣ ቀስ ብላ ከግቢው ወጣች። ቁልቁለቱን ወረዱ። ወደ መጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ሲቃረቡ የባሏ ጉልበት ወደ ፊት ሲዘረጋ በዓይኗ ጫፍ አየች። እሷም የራሷን ፍሬን፣ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ ጫፉ ላይ ለመድረስ እንደምታደርገው፣ በስሱ ጫነችው። መኪናዋ ከመስመሩ አጠገብ ፀጥ ብላ ቆመች።

«እንዲህ ነው አያያዝ» አለ ጋሽ ፍሬን፣ ራሱን እያመሰገነ።

መርፌ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። መዳፏ እንዳላላበው ያስተዋለችው ያኔ ነው።

ከዳቦ መጋገሪያው አለፍ ሲሉ አንድ ዳቦ የጫነ የእጅ ጋሪ ከጎን ካለው ቅያስ ብቅ አለ። ገፊው ወሬ ይዟል፤ ወደ መንገዱ አያይም። ጋሽ ፍሬን ረገጠ። ምንም የለም። ደግሞ ረገጠ፤ ወለሉ ጓ አለ። ቀልቡ ተገፈፈ። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን ሲገልጥ መኪናዋ ቆማለች፤ ጋሪው ከፊታቸው ዳቦውን እያወዛወዘ በሰላም ያልፋል፤ ገፊውም ወሬውን አላቋረጠም።

«ፍሬኔ የት ሄደ?» አለ ጋሽ ፍሬን። ድምፁ ቀጥኗል።

«ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት። ልጅህ ፈታው። ንገሪው ብሎኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩህ።»

ጋሽ ፍሬን ምንጣፉን መልሶ አነጠፈው። መርፌ ቁጣውን ጠበቀች፤ መሪውን ጠበቅ አደረገች።

«ታዲያ ቅድም መስቀለኛው ላይ የያዘው ማነው?» አለ።

«ማን ይመስልሃል?»

ወደ ፊት አየ። ወደ እግሯ አየ። ከዚያም አስተማሪ ከሆነ ጀምሮ መኪና ውስጥ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሮ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ሂጂ፤ መንገዱ ነፃ ነው» አለ።

መርፌ ሄደች። ሱቆቹ፣ ዛፎቹ፣ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን የሚፍቀው ዘበኛ፣ ሁሉም በሷ እግር እየቀረቡ በሷ እግር ወደ ኋላ ቀሩ። በደስታ እንባዋ መጣ፤ መንገዱ እንዳይጋረድባት ቶሎ ጠረገችው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ የቀኙን ፍሬቻ አበራች።

«ጋራዡ በግራ ነው» አለ ጋሽ ፍሬን።

«አውቃለሁ።»

በቀኝ በኩል ያለው ዳገቱ ነው። ጋሽ ፍሬን ዳገቱን አየ፣ ፍሬቻውን አየ። «ማርሹን ቀንሺ፤ ከበድ ይላል» አለ።

እህቷ የክላክሱን ድምፅ ሰምታ ወጣችና መርፌን መሪው ላይ ስታያት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሰውዬሽን ምን ነካው?» አለች።

«ፍሬን አጥቶ ነው» አለች መርፌ። ጋሽ ፍሬን ወርዶ «የእጅ ፍሬኑን...» ብሎ ሲጀምር ቀድማ ስባው ኖሯል።

ሻይ ቀረበ። ጋሽ ፍሬን እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ተቀመጠ። ወሬው ገና ሳይሞቅ እጁ ወደ ኪሱ ገባ። አንዱን ኪስ ፈተሸ፤ ሌላውንም ፈተሸ። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመርፌ ብርጭቆ አጠገብ ነው። እጁን አወጣና፣ የሚያደርግበት የጠፋው ይመስል፣ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነው። የጋሽ ፍሬን ጆሮ ስለደከመ የስልኩ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ ሁሉም ይሰማል።

«አባዬ፣ የት ደረሳችሁ? ቦታውን ጠርጌ እየጠበቅኩ ነው።»

«እናትህ አክስትህ ቤት ይዛኝ መጥታለች።»

«ማን ነድቶ?»

«እናትህ አልኩህ እኮ።»

«ያችን ፔዳል እንዳወጣኋት ነግራሃለች?»

«ነግራኛለች፤ መንገድ ላይ» አለ ጋሽ ፍሬን ሚስቱን እያየ። «ስማኝ። ነገ ታመጣልሃለች። ወለሏን በይድልን፣ ዝገቷን አስቁምልን፣ ፍሬኗን አጥብቅልን። ሌላውን አትንካው፤ እንዳትፈታት።»

«ኤግዚቢሽኑስ አባዬ?»

ጋሽ ፍሬን በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆማለች። በጎኗ ካለው ጭረት ብዙው የተማሪ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ እሱ ያውቀዋል። የሱፉ ነገር ፊቱ ላይ ሲያልፍ መርፌ አየችው፤ ቆጭቶታል። አሳዘናትም።

«ማየት የፈለገ መንገድ ላይ ያያታል» አለ ጋሽ ፍሬን። «ለማጅ የሚል ታፔላ ያለባትን ፈልጉ በላቸው።»

«እሺ እንዳልክ። ያንተን ፍሬንስ? ነገ መልሼ ልግጠመው?»

መርፌ ብርጭቆዋን ከአፏ ሳታደርስ ጠበቀች። ጋሽ ፍሬን ቀኝ እግሩን አየው፤ እግሩ ሳያውቀው የእህቷን ምንጣፍ ተጭኖ ይዟል። ቀስ ብሎ አነሣው።

«አይ» አለ። «ለኔ ስጠኝ። ጋዜጣዬን ነፋስ እንዳይገልጥብኝ እጭንበታለሁ።»

ስልኩን ዘጋና ሻዩን አነሣ። መርፌ ስኳሩን አቀረበችለት። ከዚያ ወሬው ቀጠለ፣ ሌላ ሻይም ተቀዳ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። በመሐል ወሬው ጋብ ሲል እህቷ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ዞረች።

«ልትነሡ ነው?» አለችው።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አለ ጋሽ ፍሬን። «ሹፌሯን ጠይቂ።»

መርፌ ቁልፉን አነሣችው። አንድ ጊዜ አቃጨለችው፤ ድምፁ ከራሷ እጅ ሲመጣ እንዴት እንደሆነ ለመስማት ያህል ነው። መልሳ አስቀመጠችው።

«እኔ ገና ነኝ» አለችና ባዶ ብርጭቆዋን ወደ እህቷ ገፋ አደረገችው።